የቤተሰብ ማኅበር በጎጃም፦ የትውልድ ቆጠራው ከርስት ክርክር ይለይ

ጥያቄ፦ «ከቢቸና አካባቢ የወጣን ቤተሰቦች ነን። ዛሬ ዘመዶቻችን በአገር ቤት፣ በአዲስ አበባ፣ በባሕር ዳር፣ በወለጋና በውጭ አገር ተበትነዋል። የትውልድ ሐረጋችንን የሚያጠናና በየዓመቱ የሚያገናኘን ማኅበር ልናቋቁም ተስማምተናል። አያታችን ለርስት ክርክር ያስጻፉት፣ እስከ 12 ቤት የሚቆጥር ወረቀት በእጃችን አለ። አንዳንዶቻችን ከወረቀቱ ዋና አባት የተወለደ ሁሉ አባል ይሁን እንላለን፤ ሌሎች በሴት በኩል የመጣ አይቆጠርም ይላሉ። ፈቃድ ማውጣት አለብን? መዋጮውስ እንዴት ይሁን? ዲ ኤን ኤ ማስመርመር ይጠቅመናል?»

መልስ፦ «በሴት በኩል የመጣ አይቆጠርም» የሚለው ሐሳብ ከጎጃም አቆጣጠር ጋር ጨርሶ አይገጥምም። በጎጃም ርስት በአባትም በእናትም ይወረድ ነበር። ሴት ልጅ እንደ ወንድሟ ባለ ርስት ነበረች፤ ልጆቿም በእሷ በኩል ቆጥረው ከእናታቸው አባቶች መሬት ድርሻቸውን ይጠይቁ ነበር። የአባት ወገን መሬት ሲጠብ በእናት፣ ያም ሳይበቃ ሲቀር በአያት እናት በኩል እየተቆጠረ የቆመ ጎጆ ብዙ ነው። ያንኑ የአያታችሁን ወረቀት ረጋ ብላችሁ ብታነቡት ከ12ቱ ስሞች መካከል የሴት ስም ልታገኙ ትችላላችሁ። ሴቶቹን ያጠፋቸው የስም አጠራራችን ነው። ሁለተኛ ስማችን የአባት ስም በመሆኑ እናት በአንድ ትውልድ ውስጥ ከሰንሰለቱ ትወጣለች። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 32 ማንኛውም ሰው የቤተሰብ ስም እንዲኖረው ደንግጎ ነበር፤ ሕጉ ተጽፎ ቀረ፣ እኛም በአባታችን ስም መጠራታችንን ቀጠልን። ስለዚህ ማኅበሩን በአንድ ወንድ አያት ስም ብትሰይሙት እንኳ አባልነቱን በወንድ ሐረግ አትገድቡት። ብትገድቡት የምታጡት ዘመድ ብቻ አይደለም። ማን ለማን እንደተዳረ፣ ማን የማን ልጅ ክርስትና እንዳነሳ በቃላቸው የያዙት አብዛኛውን ጊዜ ወደ ሌላ አጥቢያ ተድረው የሄዱት አክስቶች ናቸው።

ወደ ወረቀቱ ልምጣ። ዋጋ ያለው ነገር ነው፤ ጠብቁት። ግን የተጻፈው ለክርክር መሆኑን አትርሱ። ርስት ጠያቂው ከራሱ ተነሥቶ እስከ አቅኚው ዋና አባት ድረስ አንድ በአንድ መቁጠር ነበረበት። አንድ ስም ከጎደለው ባላጋራው «መሐሉን ዘለልክ» ብሎ ይይዘዋል። በዳሞት በኩል የዋና አባቱ መሬት በልጆቹ ቁጥር ምንዝር በሚባል ድርሻ ይከፈል ነበር፤ ለየምንዝሩም ፈጅ የሚባል ተጠሪ ነበረው፤ አቆጣጠሩን የሚያውቀውም የሚከራከረውም እሱ ነው። በ1950ዎቹ በደጋ ዳሞት የመሬት ይዞታን ያጠናው አሜሪካዊው የሥነ ሰብእ ተመራማሪ አለን ሆበን ያየውም ይህንኑ ነው። አንድ ሰው በወላጆቹና በአያቶቹ በኩል የብዙ ዋና አባቶች ተወላጅ ነው፤ ከእነዚያ ሁሉ መካከል የትኛውን ሐረግ እያነሣ እንደሚከራከር የሚወስነው ግን መሬቱ ያለበት ቦታና የሚያገኘው ደጋፊ ነው። በዚህ መንገድ የተጻፈ ሐረግ የሚፈለገውን መስመር ብቻ ይዞ ይወጣል። መሬት ያላስገኘ ወንድም፣ ሳይወልድ የሞተ አጎት፣ ወደ ሌላ አገር የሄደች እኅት አይመዘገቡም። ተከራካሪው ወገንም የራሱ ወረቀት ነበረው፤ ከእናንተው ዋና አባት ተነሥቶ በሌላ ልጅ በኩል ይወርዳል። እሱን ወረቀት ብታገኙት የእናንተን ያህል፣ ምናልባትም ከእናንተው የበለጠ ይጠቅማችኋል። የተሸናፊዎቹን ልጆች ፈልጉ ማለቴ ነው።

12 ቤት ምን ያህል ዘመን እንደሆነም አስሉት። አንድ ትውልድ በአማካይ 25 ወይም 30 ዓመት ቢሰጠው ከ300 እስከ 360 ዓመት ይሆናል። ክርክሩ በ1940ዎቹ ነበር ብንል ዋና አባታችሁ በአፄ ሱስንዮስና በአፄ ፋሲል ዘመን አካባቢ የነበረ ሰው ነው። ሊሆን ይችላል። ነገር ግን በእንዲህ ዓይነት ቆጠራ ላይኛውና ታችኛው ጫፍ ጠንካራ፣ መካከሉ ልል ነው። የቅርቦቹን ተናጋሪው ያውቃቸዋል፤ ዋናው አባት መሬቱ በስሙ ስለሚጠራ አይረሳም፤ በመሐል ያሉት ግን ሁለት ተመሳሳይ ስሞች አንድ ሆነው፣ አንዱ ሰው ደግሞ ሁለት ሆኖ ይገኛል። አንዱ ሰው ሁለት የሚሆንበት መንገድ ቀላል ነው። የዓለም ስም አለው፣ የክርስትና ስም አለው፣ ፈረስ ከነበረው «አባ» የሚል የፈረስ ስም አለው። ፍትሐት ላይ የተጠራበትን፣ ለግብር የተጻፈበትንና ሽማግሌ በፉከራ የሚያነሣውን ስም ሦስት ሰው አድርጎ የቆጠረ ቤተሰብ አይቻለሁ፤ ሐረጉ በሁለት ቤት ረዝሞ ነበር።

አባልነቱን በ12ኛው ቤት ላይ መመሥረት የማይሆነውም በዚህ ብቻ አይደለም። እያንዳንዳችን 2 ወላጅ፣ 4 አያት፣ 8 ቅድመ አያት አለን፤ እንዲህ እየታጠፈ በ7ኛው ቤት 128፣ በ12ኛው 4,096 ይደርሳል። በእርግጥ ዘመድ ከዘመድ ስለሚገናኝ ብዙዎቹ ተደጋጋሚ ሰዎች ናቸው፤ ቢሆንም ከእነዚያ ሁሉ አንዱን ብቻ መርጦ «ቤተሰባችን ይህ ነው» ማለት የርስት ፍላጎት ትቶት የሄደው ልማድ ነው። ወደ ታች ሲቆጠር ደግሞ የባሰ ነው። አንድ ሰው 4 ልጅ ቢያደርስ፣ እያንዳንዳቸውም 4፣ 4 ቢያደርሱ በ3ኛው ትውልድ 64፣ በ7ኛው ከ16 ሺህ በላይ ተወላጅ ይኖረዋል። የ12 ቤት ማኅበር ቢቸና ያለችበትን እነማይንና ጎረቤቶቹን ወረዳዎች በሙሉ ልሰብስብ እንደ ማለት ነው። ስብሰባው አይጠራም፣ መዋጮው አይሰበሰብም፣ መዝገቡም አያልቅም።

የእኔ ምክር አንድ ነው። ማኅበሩን በሕይወት ያሉት ሽማግሌዎች በዓይናቸው ያዩአቸው ባልና ሚስት ላይ መሥርቱት፤ በአብዛኛው ቤተሰብ እነዚህ የዛሬዎቹ ጎልማሶች ቅድመ አያቶች ናቸው። የእነዚህ ባልና ሚስት ልጅ፣ የልጅ ልጅና ከዚያ በታች ያለው፣ በወንድም ይሁን በሴት፣ አባል ነው። የትዳር ጓደኛም እስከነ ድምፁ አባል ይሁን፤ ድግሱን የሚሠራውና ልጆቹን የሚያመጣው እሱ ወይም እሷ ናቸውና። ከእነዚያ ባልና ሚስት በላይ ያለው ጥናት እንጂ አባልነት አይደለም። ጥናቱ እስከ 12 ቤት ይሂድ፣ ከዚያም ይለፍ፤ በዚያ መንገድ የሚገኙት ዘመዶች በእንግድነት ይምጡ፣ የራሳቸውን ማኅበር ያቋቁሙና ሁለቱ መዝገብ ይለዋወጡ።

የጥናቱ ሥራ የሚጀምረው ከአረጋውያን ነው፤ መዝገብ ቤቱ ይቆያችኋል፣ እነሱ ግን አይቆዩም። አጠያየቁ ላይ ብዙ ሰው ይስታል። «እማማ፣ እስከ ሰባት ቤት ይቁጠሩልን» ከተባሉ የሚሰጧችሁ ለሠርግ ጊዜ የተጠናውን ቀጥ ያለ መስመር ነው። ቤተ ክርስቲያን እስከ ሰባት ቤት መጋባትን ስለምትከለክል ይህ መስመር በየቤቱ አለ፤ ደረቅ ግን ነው። ይልቅ «የአያትዎ ተዝካር ሲወጣ ማን ማን ደገሰ?» ብላችሁ ጠይቁ። ያን ጊዜ «ታላቅየው በሬ አመጣ፣ የሞጣዋ እኅታቸው ማር ላከች፣ ያ የሁለተኛዋ ሚስት ልጅ ጌሾና ብቅሉን ቻለ፣ ትንሹ ግን ተኳርፎ ቀረ» ይላሉ። በአንድ ትንፋሽ አራት ልጅ፣ ሁለት ጋብቻ፣ አንድ መንደርና አንድ ጠብ አገኛችሁ። ቀጥላችሁ እያንዳንዱ የት ደብር እንደተቀበረ ጠይቁ። የመቃብሩ ቦታ ሰውየው በየትኛው ወገኑ መሬት ላይ ይኖር እንደነበረ ስለሚናገር ከስሙ ይልቅ እሱ የሚጠቁመው ይበዛል። ድምፅ በስልክ ቅዱ፤ ከመቅዳታችሁ በፊት አስፈቅዱ፤ በቀረጻው መጀመሪያ ላይ የተናጋሪውን ስም፣ ዕድሜና ቦታ፣ ቀኑንም በድምፅ ተናገሩ። ፋይሉ ከስልክ ስልክ ሲዞር ስሙ ይለወጣል፣ በውስጡ ያለው ድምፅ ግን አይለወጥም።

አረጋውያኑ ዓመተ ምሕረት አይነግሯችሁም፤ ዘመን ይነግሯችኋል። በጎጃም የሚያገለግሉት ማሰሪያዎች ክፉ ቀን፣ ማለትም ከ1880 እስከ 1884 የነበረው ታላቅ ረኀብ፣ የአድዋ ዘመቻ 1888፣ የሰገሌ ጦርነት 1909፣ የኅዳር በሽታ 1911፣ የጣሊያን ዘመን ከ1928 እስከ 1933፣ በእናንተ አገር ደግሞ በላይ ዘለቀ የተሰቀለበት 1937፣ በግብር ምክንያት ጎጃም ያመጸበት 1960 እና የመሬት አዋጁ 1967 ናቸው። በእነዚህ ላይ የወንጌላዊው ዘመን ሲጨመርበት ዓመቱ ራሱ ይወጣል። በዓመተ ምሕረቱ ላይ 5500 ደምራችሁ ለ4 ስታካፍሉ 1 ከተረፈ ማቴዎስ፣ 2 ከተረፈ ማርቆስ፣ 3 ከተረፈ ሉቃስ፣ ምንም ካልተረፈ ዮሐንስ ነው። አንዲት እናት «አያቴ ከክፉ ቀን በኋላ፣ ከአድዋ በፊት፣ በዘመነ ሉቃስ ተወለደች» ካሉ በዚያ መካከል ያለው ሉቃስ አንድ ብቻ ነው፤ 1887። ይህን ሳያደርጉ «በግምት 1890» ብሎ መጻፍ ስንፍና ነው።

ከቃል በኋላ ጽሑፍ ይመጣል። የምትጠብቁትን ልክ ላስይዛችሁ። የልደት፣ የጋብቻና የሞት ምዝገባ በአገር አቀፍ ደረጃ የተጀመረው ሐምሌ 30 ቀን 2008 ዓ.ም. ነው፤ ስለዚህ ለቅድመ አያት የልደት ማስረጃ ቀበሌ ሄዳችሁ አትድከሙ። የሚጠቅመው በየቤቱ ተጠቅልሎ የተቀመጠው የግብር ደረሰኝ፣ የውርስና የሽምግልና ውል፣ የአርበኝነት ምስክር ወረቀትና የፍርድ ቤት ውሳኔ ነው። ከዚያ ውጭ አዲስ አበባ ያለው ወመዘክር፣ ማለትም ብሔራዊው ቤተ መዛግብትና ቤተ መጻሕፍት፣ እና በደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲ የተሰበሰቡት የቀድሞ የአስተዳደር ዶሴዎች አሉ፤ የርስት ክርክሩን ዘመንና የተከራካሪዎቹን ስም ይዞ የሄደ ሰው ነው የሚጠቀመው፣ «የቤተሰባችንን ታሪክ እንፈልጋለን» ብሎ የሄደ ባዶ እጁን ይመለሳል። በቤተ ክርስቲያን በኩል እናንተ ዕድለኞች ናችሁ፤ ዲማ ጊዮርጊስ በቅርባችሁ ነው፣ ደብረ ወርቅና መርጡለ ማርያምም ሩቅ አይደሉም። በእንዲህ ያሉ ጥንታዊ ደብሮች በወንጌሉና በሌሎች መጻሕፍት ኅዳግና ባዶ ገጽ ላይ የመሬት ስጦታ፣ ሽያጭና ምስክር ይጻፍ ነበር። የሚጠቀሱት ግን በአብዛኛው ካህናት፣ መኳንንትና ባለ መሬቶች ናቸው፤ ተራ ገበሬ እምብዛም አይገኝም። መጽሐፉን ለማየት የደብሩን አለቃ ማስፈቀድ፣ ከአገሩ ሰው ጋር መሄድና የሚያነብ ሊቅ መያዝ ያስፈልጋል። ንስሓ አባትን የሰው ምስጢር ለማውጣት አታስቸግሩ፤ የሟቾችን የክርስትና ስም ግን ቤተሰቡ ሲጠይቃቸው ይነግሯችኋል።

ስለ ጎጃም ትውልድ ከተጻፉት ሁሉ ቤተሰቦች ቶሎ የሚያነሡት የአለቃ ተክለ ኢየሱስ ዋቅጅራን «የጎጃም ትውልድ በሙሉ ከአባይ እስከ አባይ» የሚለውን ሥራ ነው። አለቃ በጎጃሙ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ቤት ያደጉ ሠዓሊና ጸሐፊ ነበሩ፤ የሚገርመው የጎጃምን ትውልድ እንዲህ የዘረዘሩልን ሰው ራሳቸው ከአባይ ማዶ የመጡ መሆናቸው ነው። መጽሐፉ ትልቅ ሀብት ነው። አደጋው በውስጡ የአያታችሁን ዋና አባት ስም የመሰለ ስም ስታገኙ ይጀምራል። ስም ስለተመሳሰለ ብቻ አትያያዙት። ቦታው፣ የአባቱ ስም፣ ከወንድሞቹም ቢያንስ የአንዱ ስም ካልገጠመ በእርሳስ ጽፋችሁ በይደር አቆዩት። ሐረጉን ከደጃዝማች ወይም ከንጉሥ ጋር ለማገናኘት የሚቸኩል ዘመድ በየቤቱ ይኖራል፤ የጥናት ክፍሉ ሰብሳቢ አታድርጉት።

መዝገቡን በተመለከተ እያንዳንዱ ሰው ቁጥር ይኑረው። መነሻው አያት 1፣ ሦስተኛ ልጃቸው 1.3፣ የእሱ ወይም የእሷ ሁለተኛ ልጅ 1.3.2 እያለ ይወርዳል። የልደት ቅደም ተከተሉ በኋላ ቢታረም እንኳ ቁጥሩ አይለወጥ። ከየስሙ ጎን ማን እንደተናገረው ይጻፍ፤ ሁለት ሰው የተለያየ ከተናገረ ሁለቱም ይግባ። በኤክሴል የምትሠሩ ከሆነ ፊደሉን ከወዲሁ ወስኑ። «ኃይሉ» እና «ሀይሉ»፣ «ፀሐይ» እና «ጸሀይ» ለኮምፒውተሩ የተለያዩ ሰዎች ናቸው። በውጭ አገር ያሉት ልጆች የቤተሰብ ሐረግ ፕሮግራም ሊጠቀሙ ይፈልጋሉ፣ ይጠቀሙ፤ ግን እነዚህ ፕሮግራሞች የሚያውቁት የፈረንጁን አቆጣጠር ስለሆነ 1937 ብላችሁ ያስገባችሁት ሰባት ስምንት ዓመት ተንሸራቶ ይቀመጣል። የእኛው ዓመት በማስታወሻው ቦታ «ዓ.ም.» ተብሎ በፊደል ይጻፍ።

አሁን ቤተሰብ የሚያፈርሰው ነገር ላይ ደረስን። ዘር መቆጠር ሲጀምር አጥንት መቆጠርም አብሮ ይነሣል። የባርነት ዘመን ትዝታ፣ የእጅ ሥራ ያላቸውን ሰዎች መናቅ፣ ከጋብቻ ውጭ የተወለደ ልጅ፣ የጡት ልጅ፣ ሁለተኛ ሚስት፤ እነዚህ ሁሉ ከአራት ትውልድ በኋላም ሠርግ ያስቀራሉ። መተዳደሪያ ደንባችሁ ላይ ከሁሉ በፊት ይህ ይግባ፦ በማኅበሩ መዝገብ ውስጥ ስለ ማንም «ጨዋ» ወይም ሌላ የዘር መለያ አይጻፍም፤ ያደገበት ቤት ልጄ ያለው ሰው ልጅ ሆኖ ይመዘገባል፤ በሕይወት ያለን ሰው የሚነካ ምስጢር ባለቤቱ ካልፈቀደ አይሰራጭም። የጥናት ክፍሉ ሦስት ሰዎች ብቻ ሙሉውን መዝገብ ይያዙ። በሕይወት ያሉ አባላትን ስም፣ ስልክና አድራሻ የያዘውን ዝርዝር በቴሌግራም ግሩፕ አትልቀቁ። ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ በክልሉ ባለው ግጭት የማን ልጅ የት እንዳለ የሚናገር ዝርዝር በማንም እጅ ቢገባ ለማንም አይበጅም።

የመሬት ጉዳይ ከዚህም ይከፋል። የካቲት 25 ቀን 1967 የታወጀው የገጠር መሬት አዋጅ ርስትን ከነ ክርክሩ ዘግቶታል፤ ዘር ቆጥሮ መሬት መጠየቅ ከዚያ ወዲህ ሕጋዊ መሠረት የለውም። ሆኖም የገጠር ዘመዶቻችሁ ከከተማ ደብተር ይዞ የመጣ ሰው የአባቱን መሬት ሲያነሣ ልባቸው ቢፈራ ትክክል ናቸው። በ1989ኙ የመሬት ሽግሽግ «ቢሮክራት» እና «የፊውዳል ቅሪት» እየተባለ ስም የተጻፈበት ሰው መሬቱ ተቀንሶ ለሌላ ተሰጥቷል፤ የዚያ ሽግሽግ ቂምና ፍርሃት ዛሬም በመንደሩ አለ። ደንቡ ላይ ማኅበሩ በማንኛውም የመሬት፣ የውርስና የድንበር ጉዳይ አይገባም፣ መዝገቡም ለፍርድ ቤት ማስረጃ አይሰጥም ብላችሁ ጻፉ። ገጠር ስትሄዱም ይህን አስቀድማችሁ ተናገሩ። የአያታችሁን ወረቀት ፎቶ አንሥታችሁ ዋናውን አንድ ቦታ ቆልፉበት፤ በመጀመሪያው ስብሰባ ላይ አሳትማችሁ አትስቀሉት።

ስለ ዲ ኤን ኤ አጭር ነው፤ ለጊዜው አያስፈልጋችሁም። በወንድ የዘር ቅንጣት የሚደረገው ምርመራ የአባት የአባትን አንድ መስመር ብቻ፣ የእናቱም የእናት የእናትን ብቻ ያሳያል፤ የእናንተ ወረቀት ደግሞ ከአባት ወደ እናት የሚዘል ሊሆን ስለሚችል ሁለቱም ላይገጥሙት ይችላሉ። ሁሉንም ወገን የሚያየው ምርመራ የቅርብ ዘመድን ይለያል፣ እየራቀ በሄደ ቁጥር ግን ይደክማል፤ በኩባንያዎቹ ቋት ውስጥ ያለው የኢትዮጵያውያን ቁጥርም ትንሽ ነው። በሌላ በኩል አባት የተባለው አባት አለመሆኑን በአንድ ቀን ያወጣዋል። በማኅበሩ ገንዘብም በማኅበሩ ስምም አታድርጉት፤ የፈለገ አዋቂ በራሱ ያድርግ።

ፈቃዱን በተመለከተ በ2011 የወጣው የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113 ዕድርን፣ ዕቁብንና መሰል ባህላዊ ስብስቦችን አይመለከትም። በአባላቱ መዋጮ የሚተዳደር፣ በየጊዜው የሚገናኝ የዘመድ ስብስብ በጠባዩ የእነዚህ ወገን ነው። ከውጭ ድርጅት እርዳታ ልትቀበሉ፣ ቤት ልትሠሩ ወይም ሠራተኛ ልትቀጥሩ ካሰባችሁ ግን ሕጋዊ ሰውነት ያስፈልጋችኋል፤ በአዋጁ መሠረት አምስትና ከዚያ በላይ ሆናችሁ በጠቅላላ ጉባኤ የሚመራ ማኅበር ማስመዝገብ ትችላላችሁ። ከምዝገባው በኋላ የሚመጣውን ዓመታዊ ሪፖርትና የሒሳብ ምርመራ አስቡበት። ለመጀመሪያዎቹ ዓመታት አትመዝገቡ። ሁሉም የፈረመበት ደንብ፣ በሦስት ሰዎች ስም የተከፈተና በሁለት ፊርማ የሚንቀሳቀስ የባንክ ሒሳብ፣ በየስብሰባው የሚነበብ ገቢና ወጪ ይበቃችኋል። ሒሳቡ በሕግ ፊት የሦስቱ ሰዎች መሆኑን ግን ዕወቁት፤ አንዱ ቢሞት ምን እንደሚደረግ ደንቡ ውስጥ ይጻፍ።

መዋጮው በነፍስ ወከፍ ሳይሆን በቤት ይሁን፣ መጠኑም ገበሬው ዘመድ የሚችለው ልክ ይሁን። የውጭ አገሩ ዘመድ ብዙ መስጠት ከፈለገ ለተለየ ሥራ ይስጥ፤ ለቀረጻ፣ ለአረጋውያን መጓጓዣ። ብዙ የሰጠ ብዙ ድምፅ አለው ማለት ከተጀመረ የአገር ቤቱ ዘመድ በሁለተኛው ዓመት ይቀራል። ማኅበሩን ወደ ዕድርነት አትለውጡት። ሰው ሲሞት እንከፍላለን ብሎ የጀመረ የዘመድ ማኅበር አባላቱ በዕድሜ እየገፉ ሲሄዱ መክፈል ያቅተዋል፣ ያልተከፈለው ቤተሰብም ቂም ይይዛል። ለቀብር የሰፈር ዕድር አለላችሁ።

በየዓመቱ መገናኘትም ይከብዳችኋል፤ በየሁለት ዓመቱ ይሁን፣ በመካከል ያለው ዓመት ለጥናቱ ጉዞ ይዋል። ጊዜው ከጥምቀት በኋላ ነው፤ አዝመራው ተሰብስቧል፣ መንገዱም ደረቅ ነው። ዐቢይ ጾም ከየካቲት 1 አይቀድምም፣ ከመጋቢት 5 አያልፍም፤ ከእሱ ሁለት ሳምንት ቀደም ብሎ የነነዌ ጾም ሦስት ቀን ይገባል። የዓመቱን ባሕረ ሐሳብ አይታችሁ ከእነዚህ ነፃ የሆነ ቅዳሜና እሑድ ምረጡ። ወቅቱ የሠርግም ስለሆነ ቀኑን ቢያንስ ስድስት ወር ቀድማችሁ ለሁሉም አሳውቁ። የደጀኑ መንገድ አስተማማኝ ካልሆነ አዲስ አበባ ላይ አድርጉት፤ አረጋውያኑን ለመጓጓዝ አታስጨንቁ፣ ቃላቸው አስቀድሞ ተቀድቶ በስብሰባው ላይ ይሰማ። ድግሱ ከአንድ ሰንጋና ከጠላው አይለፍ፤ አንዱ ወገን አሳምሮ ከደገሰ ቀጣዩ ተረኛ ስለሚፈራ ተራው እዚያው ይቆማል። ከሰዓት በኋላ ያለውን ጊዜ ለመዝገቡ ተዉት። የእያንዳንዱ ልጅ ሐረግ በትልቅ ወረቀት ተጽፎ ግድግዳ ላይ ይለጠፍ፣ እርሳስ በገመድ ይንጠልጠልበት፣ ሰው የጎደለውን ራሱ ይጻፍ፤ ማታ የጥናት ክፍሉ ሦስት ሰዎች ወረቀቱን አንሥተው የተጨመረውን ከነጸሐፊው ስም ይመዝግቡ።